የደማቅ ከዋክብት ስሞች ከወዴት መጡ?

በታኅሣሥና በጥር ምሽቶች ወደ ምሥራቅ ቀና ያለ ሰው ኦሪዮን በሚባለው ኅብረ ኮከብ ውስጥ ቀላ ያለ ደማቅ ኮከብ ያያል። ስሙ ቤቴልጅዩዝ ነው። መነሻው ዐረብኛ ሲሆን “የድ አል ጀውዛ” ይባል ነበር፤ የጀውዛ እጅ ማለት ነው። ጀውዛ የጥንት ዐረቦች በዚያ የሰማይ ክፍል ያዩዋት የነበረች ሴት ናት። በመካከለኛው ዘመን ስሙ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ግን ከሥሩ ሁለት ነጥብ ያለው የዐረብኛው “የ”፣ ባለ አንድ ነጥቡ “በ” ተብሎ ተነበበ። ኋላ የመጡ የአውሮፓ ሊቃውንት ስህተቱን ስላላወቁ የስሙን ምንጭ “ብብት” ከሚለው የዐረብኛ ቃል ፈለጉት። በአንዲት ነጥብ ምክንያት እጅ ብብት ሆነ።

ዐረብኛ በሰማይ ላይ እንዲህ የነገሠው በትርጉም ሥራ ነው። በሁለተኛው መቶ ዘመን በእስክንድርያ የኖረው በጥሊሞስ ከ1000 በላይ ከዋክብትን መዝግቧል፤ አብዛኞቹን ግን የጠራቸው በስም ሳይሆን “በቀኝ ትከሻ ላይ ያለው” እያለ በቦታቸው ነበር። መጽሐፉ ወደ ዐረብኛ ተመለሰ። ፋርሳዊው አል ሱፊ በ964 ዓ.ም. ገደማ (ሁሉም ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የበጥሊሞስን መዝገብ ከዐረቦች የቆዩ ስሞች ጋር አገናኘ። በ1175 ደግሞ ጄራርድ ዘክሬሞና በስፔኗ ቶሌዶ የበጥሊሞስን መጽሐፍ ከዐረብኛ ወደ ላቲን መለሰው።

ከእነዚህ ስሞች ብዙዎቹ ለእኛ ሩቅ አይደሉም። ግእዝና ዐረብኛ ዘመዳሞች ናቸውና “የድ” የግእዙ እድ፣ የአማርኛው እጅ ነው። አልታይር “የሚበር ንስር” ከሚለው የተቆረጠ ሲሆን፣ ቬጋም “ወራጅ ንስር” ከሚለው የቀረ ቁራጭ ነው፤ የዐረብኛው ነስር የእኛው ንስር ነው። ደነብ ጅራት ማለት ነው፤ ግእዙም ዘነብ ይለዋል። የአልጎል መነሻ “ራስ አል ጉል”፣ የጋኔን ራስ ነው። አማርኛ አንባቢ የከዋክብትን ዝርዝር ከብዙ አውሮፓዊ በተሻለ ሊሰማው ይችላል።

ግሪኮች ያወጧቸውም አሉ። አንታሬስ በቅላቱ እነሱ አሬስ የሚሉትን ማርስን ስለሚመስል “የአሬስ ተፎካካሪ” ተባለ። ከሌሊቱ ከዋክብት ሁሉ የሚደምቀው ሲሪየስ ስሙ “የሚያቃጥል” ማለት ነው፤ በጎህ ሲወጣ የሚታየው በበጋቸው ሐሩር ነበርና። ለጥንት ግብፆች ይኸው ኮከብ የአባይ ሙላት አብሳሪ ነበር። ያ ሙላት ደግሞ በዋናነት የኢትዮጵያ ደጋ የክረምት ዝናብ ነው።

በአገራችንም አያንቱ የሚባሉት የቦረና ዘመን ቆጣሪዎች ወራትን የሚቆጥሩት ጨረቃን ከተመረጡ ከዋክብት ጋር እያስተያዩ ነው። ሲሪየስን ባሳ፣ አልደባራንን በከልቻ ይሉታል። አስመሮም ለገሠ በ1973 ባሳተሙት የገዳ ጥናት ይህን መዝግበውታል። የሌሎቹም አካባቢዎች እረኞችና ገበሬዎች የሚያውቋቸው ስሞች አዛውንቱ ሳያልፉ በጽሑፍ ሊሰበሰቡ ይገባል።

የዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት የከዋክብትን ስሞች የሚያጸድቅ ቡድን ያቋቋመው በ2016 ነው። በ2019 አገሮች ለአንድ ኮከብና ለፕላኔቱ ስም እንዲያወጡ ሲጋበዙ፣ ለኢትዮጵያ የደረሳት በአንድሮሜዳ ኅብረ ኮከብ ያለ ነበር። ኮከቡ ቡና፣ ፕላኔቱ አቦል ተባሉ። ቡና በዓይን ብቻ ለማየት ትንሽ ይደበዝዛል፤ በተራ የእጅ መነጽር ግን ይታያል።