የልባችን ድምፅ ከየት ይመጣል?



በልጅነታችን የእናታችን ደረት ላይ ጆሯችንን ለጥፈን የሰማነውን ድምፅ ሁላችንም እናስታውሳለን። ብዙዎቻችን የልብ ጡንቻ ሲጨማደድ የሚያሰማው ይመስለናል። ድምፁ በዋናነት የሚመጣው ግን ከልብ በሮች ማለትም ከቫልቮች መዘጋት ነው።

ለውዱእ የከፈታችሁትን ቧንቧ ድንገት ስትዘጉት ቱቦው «ዷ» ሲል ሰምታችሁ ታውቁ ይሆናል። ሲፈስ የነበረው ውሃ በአንዴ ሲገታ ቱቦውን ያንቀጠቅጠዋል። በልብ ውስጥም የሚሆነው ከዚህ ጋር ይቀራረባል።

ልብ ሁለት የላይና ሁለት የታች ክፍሎች አሉት። ደም ከቀኙ ክፍል ወደ ሳንባ ሄዶ ኦክስጅን ይዞ ወደ ግራው ይመለሳል፤ ከዚያም ወደ መላ ሰውነት ይሰራጫል። ይህን የሳንባ መንገድ ቀድመው በጽሑፍ ያስረዱት እ.ኤ.አ. በ1288 ካይሮ ውስጥ ያረፉት ሐኪምና ፈቂህ ኢብኑ አን-ነፊስ ናቸው። በመንገዱ ላይ ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚጠብቁ አራት ቫልቮች አሉ።

የታችኞቹ ክፍሎች ሲጨመቁ ከላይኞቹ የሚለዩአቸው ሁለት ቫልቮች ይዘጋሉ፤ ደሙ ሲገታ የሚፈጠረው ንዝረት ወፈር ያለው የመጀመሪያው ድምፅ ነው። ደሙ ወጥቶ ክፍሎቹ ሲላሉ ደግሞ የመውጫዎቹ ሁለት ቫልቮች ይዘጋሉ፤ ይህ ቀጠን ያለው ሁለተኛው ድምፅ ነው። ጤነኛ ቫልቭ ሲከፈት አይሰማም። ይህ ሁሉ በቀን 100,000 ጊዜ ያህል ይደጋገማል፤ ሱብሃነላህ!

ሐኪም ደረታችንን ሲያዳምጥ ታዲያ በድምፆቹ መካከል ያለውን ዝምታም ይመረምራል። በከፊል የተዘጋ ቧንቧ «ሽሽ» እንደሚል ሁሉ፣ የጠበበ ወይም በደንብ የማይገጥም ቫልቭም ዝምታውን በሹሹታ ይሞላዋል። ሹሹታ ሁሉ በሽታ አይደለም፤ በጤነኛ ልጆችና ወጣቶችም ሊሰማ ይችላል። መለየት ግን የሐኪም ሥራ ነው።

በአገራችን ወጣቶች ላይ ቫልቭን ከሚጎዱት ዋነኛ ምክንያቶች አንዱ ሩማቲክ የልብ ሕመም ነው። መነሻው ብዙዎቻችን የምንንቀው የጉሮሮ ሕመም ነው። ስትሬፕቶኮከስ የተባለ ባክቴሪያ ያመጣው የጉሮሮ ሕመም ሳይታከም ሲቀር፣ በአንዳንድ ሰዎች ላይ የሰውነት መከላከያ ራሱ ዞሮ መገጣጠሚያንና ልብን ያጠቃል። ሲደጋገም ቫልቮቹ ይጠባሉ ወይም አልገጥም ይላሉ።

ስለዚህ ትኩሳት ያለው፣ ለመዋጥ የሚያስቸግር የጉሮሮ ሕመም ከያዛችሁ «ዝንጅብል ጠጥቼ ይሻለኛል» ብላችሁ አትለፉት፤ ወደ ግቢው ክሊኒክ ሂዱ። አብዛኛው የጉሮሮ ሕመም በቫይረስ የሚመጣ ስለሆነ በራሳችሁ ፀረ ባክቴሪያ አትግዙ፤ ከታዘዘላችሁ ግን ሕመሙ ቢተዋችሁም መድኃኒቱን ጨርሱ። ለእረፍት ቤት ስትገቡም ለቤተሰብ ንገሩ፦ ልጅን እንጥል ማስቆረጥ ባክቴሪያውን አያጠፋም፤ ሌላ ጉዳት ግን ያመጣል። ደረጃ ሲወጣ የሚያለከልክ ወይም መገጣጠሚያው እየዞረ የሚያብጥ የዶርም ጓደኛ ካላችሁም አብራችሁት ሂዱ።

ሰውነታችን አማና ነው። አላህ ጤናችንን ይጠብቅልን።