ትእዛዝ፣ ሥርዐትና ፍቅር፦ ስለ መጠጥ በወሎ ስናስተምር

በደሴ፣ በኮምቦልቻ ወይም በቦሩ ሜዳ የምታገለግሉ መጋቢዎች «ክርስቲያን ቢጠጣ ኃጢአት ነው ወይ?» ተብላችሁ ሳትጠየቁ አትቀሩም። ጥያቄው አንድ ቢሆንም ጠያቂዎቹ ልዩ ልዩ ናቸው። አንዱ የቢራ ፋብሪካ ሠራተኛ ነው። ሌላዋ ጠላ ጠምቃ ልጆቿን ታሳድጋለች። ሦስተኛው በስውር ይጠጣል፤ መተው ፈልጎ አልቻለም። «አይፈቀድም» የምትል አንዲት ቃል ለሦስቱም አትበቃም። የእግዚአብሔርን ትእዛዝ፣ የቤተ ክርስቲያናችንን ሥርዐትና የፍቅርን ግዴታ ለይተን ማስተማር ይኖርብናል።

ትእዛዙ

መጽሐፍ ቅዱስ ወይንን ከእግዚአብሔር ስጦታዎች መካከል ይቆጥራል (መዝ. 104፥15)፤ ጌታም በቃና ውሃውን ወይን አድርጓል። የያኔው ወይን ያልፈላ ጭማቂ ነበር የሚለው ማብራሪያ አያስኬድም፤ በቆሮንቶስ በጌታ እራት ላይ የሰከሩ ነበሩና (1ቆሮ. 11፥21)። ስካር ግን ያለ ማወላወል ተከልክሏል። ኤፌሶን 5፥18 ስካርን በመንፈስ ከመሞላት ጋር የሚያነጻጽረው ጉዳዩ የገዢነት ጉዳይ ስለ ሆነ ነው፤ ሰውን የሚመራው ማን ነው? ስለዚህ «እስካልወደቅሁ ድረስ አልሰከርሁም» የሚለው መለኪያ አይሠራም። አንደበቱ የተፈታ፣ ቁጣው የነደደ፣ የቤቱን ወጪ የረሳ ሰው ቆሞ ቢሄድም በሌላ ገዢ ሥር ነው። አንድ መለኪያ አረቄም ከአንድ ብርጭቆ ጠላ ጋር እኩል አይደለም።

ሥርዐቱ

አብዛኞቹ ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት በአገራችን ከመጠጥ ፈጽሞ መታቀብን ያስተምራሉ። ይህ የተከበረ ውሳኔ ነው፤ ብዙ ትዳርና ብዙ ደመወዝ አድኗል። እግዚአብሔር የሬካባውያንን ታማኝነት አመስግኗል (ኤር. 35)፤ ሆኖም የእነርሱን ሥርዐት በእስራኤል ሁሉ ላይ አልጫነም። እኛም መታቀባችንን የመዳን መስፈርት ካደረግነው ወንጌሉን እንጎዳለን።

የምናገለግልበት ምድር ራሱ ይህን ያስተምረናል። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በቦሩ ሜዳ ከሰበሰቡት ጉባኤ በኋላ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ተገደዱ። ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ራስ ሚካኤል ተባሉ። ከሕዝቡ ግን ብዙው በአደባባይ ክርስቲያን፣ በጓዳው ሙስሊም ሆኖ ኖረ። አዋጅ ውጫዊውን ይለውጣል እንጂ ልብን አይደርስበትም። በፍርሃት ብቻ የተከለከለ ምእመንም መጠጡን አይተውም፤ የሚጠጣበትን ቦታ ይቀይራል።

ፍቅር

ጳውሎስ ነጻነቱን በወንድሙ ሕሊና ይመዝናል (ሮሜ 14፥21)፤ ለማያምኑትም ዕንቅፋት እንዳንሆን ያሳስባል (1ቆሮ. 10፥32)። ወሎ ይህን በድግስ ያውቀዋል፤ ሙስሊም ጎረቤት ሲጠራ እርዱ ለብቻ ይሆናል፣ ከጠላው ጎን ቀሪቦ ወይም ብርዝ ይቀርባል። በሰርግና በለቅሶ ቤት የማያሰክረውን መጠጥ ማስቀደም ለሙስሊሙ አክብሮት፣ ከሱስ ለወጣው ወንድምም ከለላ ነው።

በእረኝነት ሥራ

ጠላ የምትጠምቀውን እናት «ነገውኑ ተዪ» ከማለታችሁ በፊት ጉባኤው ሌላ መተዳደሪያ እንድታገኝ ምን እንደሚያደርግ ወስኑ። አለዚያ ያዕቆብ የነቀፈውን «በደኅና ሂዱ፣ ጥገቡ» ባይ እንሆናለን (ያዕ. 2፥16)።

በሱስ የተያዘውንም ከጸሎት ጋር ወደ ሐኪም ውሰዱት። ለረጅም ጊዜ ብዙ ሲጠጣ የኖረ ሰው በድንገት ሲያቆም ሊንቀጠቀጥ፣ ሊቃዥ፣ የሚጥል ሕመም ዓይነት መንፈራገጥ ሊደርስበት፣ ሊሞትም ይችላል። ይህን ሁሉ ርኩስ መንፈስ ነው ብሎ ጸሎት ቤት ውስጥ ማቆየት ነፍስ ያስጠፋል። መጋቢው ሆስፒታል ድረስ አብሮት ይሂድ፤ ቢወድቅ ተመልሶ የሚመጣበት በር እንዳልተዘጋም አስቀድሞ ይንገረው።