ጀርባን ለፀሐይ

ከጥምቀት ማግስት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ምዕራብ ጎጃም የሠርግ አገር ነው። እህሉ ታጭዷል፣ መንገዱ ደርቋል፣ ሰማዩ ጥርት ብሏል። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ሙሽሮች ሚዜዎቻቸውን አስከትለው ለፎቶ ወደ መናፈሻ የሚወጡት ግን ብዙ ጊዜ ከቀኑ 7 ወይም 8 ሰዓት ላይ ነው። በጥር ፀሐይዋ ጣራ የምትደርሰው 6 ሰዓት ከ40 ገደማ ስለሆነ ሰዓቱ ለፊት እጅግ ክፉ ነው። ፍኖተ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር ከፍ ትላለች፤ አየሩ ሲሳሳና ሲጠራ ብርሃኑ ይከርራል፣ ጥላውም ይጠቁራል።

ፀሐይን ፊት ለፊት ያዩ ጥንዶች ዓይናቸው ይጠባል፣ ግንባራቸው ይኮሳተራል፣ ከቅንድባቸውና ከአፍንጫቸው ሥር ጥቁር ጥላ ይወርዳል። ነጩ የሀበሻ ቀሚስ የተቀበለውን ብርሃን አብዛኛውን መልሶ ይረጫል፤ ጠይም ፊት የሚመልሰው ከዚያ በጣም ያንሳል። ካሜራው ለቀሚሱ ከተለካ ፊቱ ይጨልማል፤ ለፊቱ ከተለካ የሸማኔው ጥበብ በነጭ ተውጦ ይጠፋል።

ጥንዶቹ ጀርባቸውን ለፀሐይ ሲሰጡ ይህ ሁሉ ይቀላል። ብርሃኑ ፀጉራቸውንና ትከሻቸውን ከኋላ ይከብባል፣ ፊታቸው ደግሞ መሬቱ በሚመልሰው ለስላሳ ብርሃን ይፈካል። ስለዚህ የቆሙበትን መሬት ማየት ያስፈልጋል። የታጨደ የጤፍ ማሳ ደስ የሚል ወርቃማ ብርሃን ይሰጣል። የአካባቢው ቀይ አፈር ፊትን ያቀላል፤ ለምለም ሣር ደግሞ አገጭ ሥር አረንጓዴ ቀለም ያሳርፋል። ያኔ አንዱ ሚዜ ነጭ ጋቢ ዘርግቶ ከፊታቸው ዝቅ አድርጎ ቢይዝ ከተማ ከሚሸጠው ሪፍሌክተር የማይተናነስ ሥራ ይሠራል።

ጥላ ከተገኘ የዋርካ ወይም የሾላ ይሁን፤ ሁለቱም ከጥላው ጠርዝ ገባ ብለው ፊታቸውን ወደ ሜዳው ያዙሩ። የባሕር ዛፍ ጥላ አይበጅም፤ በቅጠሎቹ መሐል ያመለጠው ፀሐይ ፊትን ያዥጎረጉራል።

ፀሐይዋ በጎን ከሆነች አጠር ያለው ሰው በእሷ በኩል ይቁም። ረጅሙ ከቆመ ጥላው የሌላው ፊት ላይ ያርፋል፤ በአልበሞች ውስጥ ደጋግሜ የማየው ስሕተት ይኸው ነው። ዓይን የሚያስቸግር ከሆነ ሁለቱም ጨፍነው ፎቶ አንሺው ሦስት ሲል ይግለጡ።

በእኛ አገር ሙሽሮች ፎቶ የሚነሡት ብዙ ጊዜ ዘመድ አጠገባቸው ቆሞ እያየ ነው። «ሳማት፣ እቀፋት» የሚል ትእዛዝ ፊታቸውን ያደርቀዋል፤ ሐፍረታቸውም ክብር ይገባዋል። እጅ ለእጅ ተያይዘው እያወሩ ወደ ካሜራው ቢራመዱ መቀራረባቸው ራሱ ይታያል፣ ፀሐይዋም ከኋላቸው ትሆናለች።

ከፋሲካ በኋላ የሚደገስ ሠርግ ሌላ ችግር አለበት። ፍኖተ ሰላም ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 ዲግሪ ከ42 ደቂቃ ገደማ ላይ ስለምትገኝ ሚያዝያ 10 አካባቢ ቀትር ላይ ፀሐይ በቀጥታ አናት ላይ ትቆማለች። ያኔ ወዴትም ቢዞሩ ጀርባ የሚሰጧት ፀሐይ የለችም፤ ያለው ምርጫ ጥላ መግባት ወይም መጠበቅ ነው። ፕሮግራሙን የያዘው አንደኛ ሚዜ ከፎቶ አንሺው ጋር አስቀድሞ ተነጋግሮ ምሳውን ቀደም፣ መናፈሻውን ወደ 10 ሰዓት ተኩል ገፋ ቢያደርገው ለሙሽሮቹ ትልቅ ውለታ ይውላል።