«ሰነፍ» የተባለ ተማሪ

በትምህርት ቤት አማርኛ «ሰነፍ» ሁለት ነገር ነው፤ የማይሠራም፣ የማይገባውም። («ጎበዝ»ም እንዲሁ ትጋትንና ብልህነትን ጠቅልሎ ይሸልማል።) የቤት ሥራውን ሳይሠራ የመጣ ልጅ በዚህ ስም ሲጠራ፣ የተወቀሰው ስለ ደብተሩ ይሁን ስለ ጭንቅላቱ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ስሙ ከተደጋገመ ግን ስለ ጭንቅላቱ ነው ብሎ ይደመድማል።

አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ምሁር ቻርልስ ኩሊ እ.ኤ.አ. በ1902 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሰው ራሱን የሚያየው በሌሎች መስታወትነት ነው ይላል። በመጀመሪያ ለሌላው እንዴት እንደሚታይ ይገምታል፤ ቀጥሎ ያ ሰው ምን እንደሚፈርድበት ይገምታል፤ ከዚያ ይኮራል ወይም ያፍራል። ከሦስቱ ሁለቱ ግምት መሆናቸውን ልብ ይሏል። ተማሪ መምህሩን «ስለ እኔ ምን ያስባሉ?» ብሎ አይጠይቅም፤ ከምልክት ያነባል።

ከምልክቶቹ አንዱ ካርድ ነው። «ከ62 ተማሪ 48ኛ» የሚለው ደረጃ ልጁ ከሌሎች አንጻር የት እንደቆመ እንጂ ምን እንደሚያውቅ አይናገርም። አማካይ ውጤቱ ከ51 ወደ 60 ያደገ ልጅ፣ ጓደኞቹም አብረው ካደጉ፣ እዚያው 48ኛ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ቤት ሲገባ የሚጠብቀው ጥያቄ «ስንተኛ ወጣህ?» ነውና 9 ነጥቡን የሚያይለት አይገኝም፤ ቆይቶ እሱም ማየቱን ይተዋል።

ካርድ ግን አልፎ አልፎ ነው የሚመጣው፤ የመምህሩ ፊት በየቀኑ ይነበባል። ሮበርት ሮዘንታልና ሌኖር ጃኮብሰን እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተሙት ጥናት፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ በአንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት 20 በመቶ ያህሉን ተማሪዎች በዕጣ መርጠው፣ እነዚህ ልጆች በቅርቡ ትልቅ ለውጥ ያሳያሉ ብለው ለመምህራኑ ነገሩ። ለውጡ በ1ኛና በ2ኛ ክፍል ጎልቶ ታየ፤ ከዚያ በላይ እምብዛም ነበር። ጥናቱ በአሠራሩ ክፉኛ ተተችቷል፤ እንደ ሕግ መጥቀሱ ስህተት ነው።

ይልቅ በዓይን የሚታየው ነገር ይበልጥ ያስተምራል። ከኋላ ወንበር የተቀመጠች ተማሪ ጥያቄ ሲደርሳት ዴስኩን ይዛ ትነሳለች። አፏን ሳትከፍት ከፊት ያሉት ጣታቸውን እያጮኹ «ቲቸር! ቲቸር!» ይላሉ፤ መምህሩም «እሺ፣ ሌላ» ይላል። ትቀመጣለች። ማንም አልሰደባትም፤ ፍርዱ ግን ደርሷታል።

አሜሪካዊቷ የሳይንስ ትምህርት ተመራማሪ ሜሪ በድ ሮው ይህንን የመምህራን ትዕግሥት በሰከንድ ለካችው። መምህራን ጠይቀው መልስ የሚጠብቁት በአማካይ 1 ሰከንድ ያህል ነበር፤ ጎበዝ ያሏቸውን ወደ 2 ሰከንድ ሲታገሡ፣ ደካማ ላሏቸው ግን 1 ሰከንድም አይሞሉላቸውም። 3 ሰከንድና ከዚያ በላይ መጠበቅ ሲለምዱ መልሶቹ ረዘሙ፤ ደካማ የተባሉትም መናገር ጀመሩ።