ሳይንስ ከጓዳ ይጀምራል

በአዲስ አበባ፣ ከየካ ክፍለ ከተማ በላይ የእንጦጦ ጋራ አለ። ጋራው ባሕር ዛፍ የበዛበት ነው። ከዚያ ብዙ እናቶች ማገዶ በጀርባቸው ተሸክመው ሲወርዱ ኖረዋል። ሸክሙ ከባድ ነው። መንገዱም ቁልቁለት ነው።

በጋራው አናት ላይ ደግሞ በ2007 ዓ.ም. የተከፈተ የጠፈር መመልከቻ ጣቢያ አለ። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ 3,200 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። በውስጡ ሁለት ቴሌስኮፖች ይገኛሉ። ቴሌስኮፕ ሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ መሣሪያ ነው። የእያንዳንዱ መስተዋት ስፋት 1 ሜትር ነው። በእነዚህ መሣሪያዎች ከዋክብት ይጠናሉ።

ታዲያ ሳይንስ ያለው ከዋክብት ዘንድ ብቻ ነው? እናቶች የሚሸከሙት ማገዶስ?

በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሳይንስ ኤግዚቢሽን ሲዘጋጅ ይህ ጥያቄ መነሻ ይሆናል። ኤግዚቢሽን ተማሪዎች መርምረው ያገኙትን ለሰው የሚያሳዩበት ቀን ነው። አንዳንድ ጊዜ በካርቶን የተሠራ አውሮፕላን ይቀርባል። ያምራል። ግን ልጁ ምን ጠየቀ? ምንስ አገኘ? ይህ ካልታወቀ ጌጥ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ እኛ አስተማሪዎች ልጆችን፣ «እቤታችሁ ምን ያስቸግራል?» ብለን እንጀምራለን።

አንድ ምሳሌ እንመልከት። በደጋ የባቄላ ንፍሮ ቶሎ አይበስልም። ለምን? ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስስ ነው። ውኃውን የሚጫነው በትንሹ ነው። በባሕር ዳርቻ ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሙቀት ነው። በእንጦጦ አናት ግን ወደ 89 ዲግሪ ሲደርስ ይፈላል። ከፈላ በኋላ ማገዶ ብንጨምርም ሙቀቱ ከዚያ አያልፍም። ስለዚህ ባቄላው ይዘገያል፤ እንጨትም ይፈጃል።

ልጆች ይህን ችግር በሁለት ድስት ይመረምሩታል። ድስቱ እኩል፣ ባቄላው እኩል፣ ውኃውም እኩል ይሁን። የአንዱ ባቄላ ሌሊቱን በውኃ ተዘፍዝፎ ይደር። የሌላው ደረቁን ይደር። ጠዋት እኩል እሳት ላይ ይጣዱ። እንጨቱ ይቆጠር፤ ሰዓቱም ይያዝ። ልዩነቱ መዘፍዘፉ ብቻ መሆን አለበት። ሁለት ነገር ከለወጥን የትኛው እንደ ረዳን አናውቅም። የተዘፈዘፈው ቀድሞ ይበስላል። ስንት እንጨት ተረፈ? ሦስት ጊዜ ሞክረው፣ ቆጥረው ይጻፉት።

ኤግዚቢሽኑ እንዲሳካ እነዚህን እናስብ፦

1. ዝግጅቱ ከአንድ ወር በፊት ይጀመር። ሙከራ ጊዜ ይፈልጋል።

2. ዕቃው ከአካባቢው የሚገኝ ይሁን። ጣሳ፣ ጀሪካን፣ አፈር፣ ሣር ይበቃል። ገንዘብ የሌለው ልጅ መቅረት የለበትም።

3. ጥያቄው፣ የተሠራውና የተገኘው በትልልቅ ፊደል ይጻፍ። እናንተም ቆማችሁ ታነቡታላችሁ።

4. ልጁ ራሱ ያስረዳ። አስተማሪው አይናገርለት።

5. እሳትና የፈላ ውኃ ባለበት ትልቅ ሰው ይቁም።

6. ቀኑ የገበያ ቀን አይሁን። ወላጅ ካልመጣ ልጁ ለማን ያሳያል?

ወላጆች ሆይ! ማገዶ ለቀማ ብዙ ሴት ልጆችን ከትምህርት ያስቀራል። በንፍሮው የተረፈው እንጨት ለልጅቷ የትምህርት ጊዜ ነው። በዚያ ቀን ልጃችሁን ለእንጨት አትላኳት። ሥራዋን ሄዳችሁ እዩላት። «እንዴት አወቅሽ?» ብላችሁም ጠይቋት። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል። ልጅቷ በሰው ፊት ቆማ የምትናገረው፣ እናንተ ስትጠይቋት ነው።