የጥቁሯ ፍየል መዳብ

በእስራኤል በቤርሼቫ ከተማ ኔቬ ኖይ በሚባለው ሰፈር እ.ኤ.አ. በ2017 በተደረገ ቁፋሮ አንድ የመዳብ ማቅለጫ ቦታ ተገኘ። ዕድሜው 6,500 ዓመት ገደማ ነው። ማዕድኑ የመጣው በዛሬዋ ዮርዳኖስ ከሚገኘው ዋዲ ፋይናን፣ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ነበር። በዕብራይስጥ መዳብ “ነሖሼት” ይባላል፤ የእኛ “ነሐስ” የቃሉ የቅርብ ዘመድ ነው። እነዚያ የጥንት ሰዎች በግና ፍየልም ያረቡ ነበር። በምድጃ እያነደዱ የሚያቀልጡትን ያንኑ ነገር ደጃቸው የምትግጠው ፍየልም ትፈልገው ነበር፤ የሚበቃት ግን እጅግ ጥቂት ነው።

የምትታለብ ፍየል ከምትበላው እያንዳንዱ ኪሎ ደረቅ መኖ ውስጥ 15 ሚሊግራም ያህል መዳብ ማግኘት አለባት። በቀን ሁለት ኪሎ ብትበላ 30 ሚሊግራም መሆኑ ነው፤ ወደ መቶ የሚጠጉ የጤፍ ፍሬዎች ክብደት ማለት ነው። ከዚህ ትንሽ ነገር የሚወጣው ሥራ ግን ብዙ ነው። ሰውነቷ ብረትን ለደም የሚጠቀምበት፣ አጥንቷ የሚጠነክርበት፣ ጠጉሯ ቀለም የሚይዝበት፣ በማህፀኗ ያለው ግልገል የነርቭ ሽፋን የሚሠራበት በመዳብ ነው።

በነጌቭ በረሃ የቤዱዊን እረኞች የሚያረቧት ጥቁር ፍየል ጉዳዩን በዓይን ታሳያለች። ብርቱ ናት። ውሃ ሳትቀምስ ከሁለት እስከ አራት ቀን ትሰማራለች፤ ጉድጓድ ስትደርስም እስከ ክብደቷ 40 በመቶ የሚደርስ ውሃ በአንዴ ትጠጣለች። እ.ኤ.አ. በ1950 “ዕፅዋት ታጠፋለች” ተብላ ግጦሿ በሕግ ተገድቦባት ነበር። ሕጉ የተሻረው 70 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ነው። ቁጥቋጦ እየበላች የሰደድ እሳት ማገዶ የምትቀንስ እንስሳ ስለሆነች፣ በእኔ እምነት ያን ሁሉ ዘመን ተበድላለች።

ይህችን ፍየል ጠዋት ፀሐይ ላይ አቁሟትና ከትከሻዋ ኋላ ያለውን ጠጉር በጣታችሁ ገለጥ አድርጉት። የጤነኛዋ ጠጉር ከሥሩ እስከ ጫፉ ከሰል የመሰለ ጥቁር ነው፤ ያብረቀርቃል። መዳብ ያጠራት ጠጉሯ ይሻክራል፤ ጫፉ የዛገ ብረት ይመስላል። የጅራቷ ጫፍ ተመልጦ እንደ ዓሣ ጅራት ለሁለት የተከፈለ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ የታችኛውን የዓይኗን ቆብ በአውራ ጣት ዝቅ አድርጉ። ውስጡ ቀይ ካልሆነ፣ ነጣ ካለ፣ ደም አንሷታል። ይሁንና የበረሃ ፀሐይም ጠጉር ያቀላል፤ ደም የሚመጥ የሆድ ትልም ዓይንን ያነጣል። ስለዚህ ምልክቱን አይቶ ወዲያው መዳብ መስጠት ስህተት ነው።

ከሁሉ የሚያሳዝነው የግልገሉ ነገር ነው። የእናት ወተት በመዳብ ድሃ ነው። ግልገል ተወልዶ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት የሚኖረው በማህፀን ሳለ ጉበቱ ውስጥ ባስቀመጠው ስንቅ ነው። እናቲቱ ራሷ ካጠራት ስንቅ የለውም። አንዳንዱ ሲወለድ ጀምሮ መቆም ያቅተዋል፤ ሌላው ደህና እየዘለለ ቆይቶ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ የኋላ እግሮቹ ይወላገዳሉ፣ ወገቡ ይወዛወዛል፣ በመጨረሻም ይወድቃል። የተጎዳው የነርቭ ሽፋን ስለሆነ ከዚያ በኋላ የሚሰጠው መዳብ እግሩን አይመልስለትም። መከላከያው ያለው በእናትየው የ150 ቀን እርግዝና ውስጥ ነው። የሲሊኒየም እጥረትም ግልገልን እግሩን ያሳጣዋልና ሁለቱን መለየት የሐኪም ሥራ ነው።

ይህ በሽታ በአገራችንም የታወቀ ነው። በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ በበግ ግልገሎች ላይ መታየቱ እ.ኤ.አ. በ1980 በጥናት ተዘግቧል። በሙሴና በሰሎሞን ዘመቻ ከጎንደር ወደ እስራኤል የመጡ አባቶች ከብት ጨው ማላስን ከልጅነታቸው ያውቁታል፤ የስምጥ ሸለቆ አርብቶ አደር ደግሞ ቦሌ የሚባለውን ጨዋማ አፈር ያስልሳል። ልማዱ መልካም ነው። ነገር ግን ተራ ጨው ሶዲየም እንጂ መዳብ አይሰጥም፤ ፍየሏ ጨው ስለላሰች ብቻ ሁሉ ሞልቶላታል ማለት አይደለም።

ብዙ ሰው የሚስተው ደግሞ ሌላ ነገር ነው። መኖው በቂ መዳብ ይዞ ሳለ ፍየሏ ልታጣው ትችላለች። በጨጓራዋ ውስጥ ሞሊብዲነም የሚባለው ማዕድንና ድኝ ተገናኝተው መዳቡን ያስሩታል፤ የታሰረው መዳብ ከበጠጧ ጋር ይወጣል። ብረት የበዛበት አፈርና ውሃም መዳቡን ይሻማል። በመኖ ውስጥ መዳቡ ከሞሊብዲነሙ ስድስት እጥፍ ያህል ቢሆን መልካም ነው፤ ከሁለት እጥፍ ካነሰ እጥረት ይመጣል። በነጌቭ ከጥልቅ ጉድጓድ የሚወጣ ጨዋማ ውሃ ለእርሻ ይውላል። እንዲህ ያለ ውሃ መንጋውን የሚያጠጣ አርቢ በውሃው ውስጥ ያለውን ሰልፌት (የድኝ ውህድ) ሳያስለካ ስለ መዳብ ባይወስን ይሻለዋል።

ወደ አደጋው ልምጣ። በዚህ አካባቢ መንጋ ሲባል ብዙ ጊዜ ድብልቅ ነው፤ ጥቁር ፍየሎችና አዋሲ በጎች አብረው ይሰማራሉ፣ አብረውም ይበላሉ። ፍየልን የሚጠቅማት የመዳብ መጠን ግን በግን ሊገድል ይችላል። በግ የተረፈውን መዳብ ማስወገድ ስለማይሆንለት ጉበቱ ውስጥ ያከማቻል። ለሳምንታት ወይም ለወራት አንድም ምልክት አይታይም። ከዚያ አንድ ቀን፣ መኪና ላይ ሲጫን ወይም ሲወልድ ወይም ሲራብ፣ የተከማቸው በአንዴ ወደ ደም ይለቀቃል። ዓይኑ ቢጫ ይሆናል፣ ሽንቱ ይጠቁራል፣ በአንድ ሁለት ቀን ይሞታል። ፍየል ከበግ የተሻለ ብትችልም ሲበዛባት እሷም ትመረዛለች። ለፍየል የተዘጋጀ የማዕድን ድብልቅ በጎች በማይደርሱበት ቦታ ይቀመጥ። የዶሮ ኩስ የተቀላቀለበት መኖም መዳብ ሊበዛበት ስለሚችል ከመግዛት በፊት መጠየቅ ይገባል።

እጥረቱ ከተረጋገጠ ዛሬ በብዛት የሚሰጠው በካፕሱል የታሸገ ደቃቅ የመዳብ ኦክሳይድ ሽቦ ነው። ፍየሏ ሳታኝከው መዋጥ አለባት። ሽቦው በአራተኛው የሆድ ክፍል ተሰክቶ መዳቡን በሳምንታት ውስጥ ቀስ እያለ ይለቃል፤ በዚያው ክፍል ተጣብቆ ደም የሚመጠውን ትልም ያዳክማል። መጠኑ በክብደትና በዕድሜ ስለሚለያይ ሐኪም ይወስነው። ሰማያዊውን የመዳብ ሰልፌት በግምት ውሃ ውስጥ መበጥበጥን ግን አጥብቄ እቃወማለሁ።

የደም ምርመራ ብቻውን ያታልላል፤ ጉበት ስንቁን እስኪጨርስ ድረስ ደም ውስጥ ያለው መዳብ ደህና መስሎ ይታያልና። እውነቱ ያለው ጉበት ውስጥ ነው። ስለዚህ አርቢዎች ሆይ፣ ከመንጋችሁ ፍየል ስትታረድ ወይም ስትሞት ከጉበቷ የክብሪት ሳጥን የምታህል ቁራጭ በንጹሕ ላስቲክ ቋጥራችሁ፣ በበረዶ አድርጋችሁ ለእንስሳት ሐኪማችሁ ስጡ። ቤት ዳጋን ያለው የኪምሮን የእንስሳት ሕክምና ተቋምን በመሰለ ቤተ ሙከራ ሊመረመር ይችላል። ካፕሱሉን ከዚያ በኋላ ግዙ።