የፈረስ ጉልበትና የልጆች ትንፋሽ

ሕግ ሲወጣ የሚያስቀረው ነገር ወዲያው ይታያል፤ የሚሰጠው ጥቅም ግን ውሎ አድሮ ይገለጣል። ለዚህ ምስክር የሚሆነውን የአሜሪካ አውቶሞቢሎች ታሪክ ለአንባብያን ቤተ ሰቦች በአጭሩ ልናቀርብ ወደድን። ዓመቶቹን የጻፍነው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

በ1964 ዓ.ም. የፖንቲያክ ፋብሪካ በመካከለኛ መኪና ላይ ትልቅ ሞተር ጭኖ ጂ.ቲ.ኦ. የተባለውን አወጣ። ጐልማሶች እጅግ ስለ ወደዱት ሌሎቹም ፋብሪካዎች ተከተሉት፤ እንዲህ ያሉትም መኪናዎች «ባለ ጡንቻ» ተባሉ። ነገር ግን የመኪናው ሁሉ ጢስ በየከተማው በርክቶ የሰውን ሳምባ የሚጐዳ ሆነ። ስለዚህ በ1970 መጨረሻ ፕሬዚዳንት ኒክሰን የአየር ንጽሕናን ሕግ አጠንክረው ፈረሙ፤ ሕጉም ከአዲስ መኪና የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድና ያልተቃጠለ ቤንዚን ከመቶ 90 እጅ እንዲቀነስ አዘዘ።

የሸቭሮሌ ፋብሪካ ካማሮ ዜድ 28 የተባለው መኪና በ1970 የ360 ፈረስ ጉልበት አለው ይባል ነበር፤ በ1972 ግን 255 ተባለ። ብዙ ሰዎችም «ሕጉ መኪናችንን ገደለብን» ብለው አዘኑ። ሆኖም ቍጥሩን መርምረን ብናየው ነገሩ ሌላ ነው። ቀድሞ ሞተሩ የሚለካው ከመኪናው ወጥቶ፥ የአየር ማጣሪያውና የጢስ ማውጫው ሳይገጠምለት ነበር፤ ይህም እህልን ከነስልቻው መመዘን ማለት ነው። በ1971 ፋብሪካው ሁለቱንም ልክ ቢያስታውቅ፥ 330 የተባለው ሞተር በእውነተኛው ሚዛን 275 ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ ጐደለ ከተባለው ከ105ቱ 55 ያህሉ የስልቻው ክብደት ነበረ።

የቀረው ጉድለት ግን እውነተኛ ነው። ፋብሪካው እርሳስ የተባለው ማዕድን ባልገባበት ቤንዚን እንዲሠራ ሲል የሞተሩን እመቃ ከ11 ለ1 ወደ 9 ለ1 አወረደው። በ1975 በአብዛኞቹ አዳዲስ መኪናዎች ላይ የጢስ ማንጫ መሣሪያ ተገጠመ፤ ይህንም መሣሪያ እርሳስ ስለሚያበላሸው ንጹሕ ቤንዚን ግድ ሆነ። ዜድ 28 በዚያው ዓመት ከገበያ ወጣ፤ በ1977 ሲመለስም ጉልበቱ 200 እንኳ አልሞላም።

በዚህ ዋጋ የተገኘው ግን ምንድር ነው? እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ የሚጐዳ መርዝ ነው። የቤንዚኑ እርሳስ እየቀነሰ ሲሄድ፥ ከ1976 እስከ 1980 ባለው ጊዜ በአሜሪካውያን ደም ውስጥ የሚገኘው እርሳስ ከሢሶ በላይ ቀነሰ። በመላው ዓለምም እርሳስ ያለበት የመኪና ቤንዚን ሽያጭ በ2021 በአልጄርያ አበቃ።

መሐንዲሶቹም እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ቤንዚኑን በኮምፒዩተር እየለኩ ለሞተሩ መስጠትን ስለ ተማሩ፥ በ1993 የወጣው ዜድ 28 በዚያው በ5.7 ሊትር ሞተር፥ ጢሱን እያነጻ፥ 275 የፈረስ ጉልበት ሰጠ። ይህም በ1971 በእውነተኛው ሚዛን የተገኘው ልክ ነው፤ የጠፋው ጉልበት በ22 ዓመት ተመለሰ። በእርሳስ የተጐዳ የሕፃን አእምሮ ግን እንደ ሞተር አይታደስም። ስለዚህ አባቶችና እናቶች ሆይ፥ ስለ አንድ ሕግ ጉዳት ሲነገራችሁ፥ አስቀድማችሁ ሚዛኑን ጠይቁ፤ ቀጥሎም በሌላው የሚዛን ወገን ልጆቻችሁን አስቀምጡ።